የምትንቀጠቀጥ ኤክስ

ባለ ጫጩቱ ዕቃ መጣል አይሆንለትም። በማስፈልፈያው ቤት በር አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ አንዲት መሳቢያ አላት፤ እሷን የከፈተ ሰው የሠላሳ ዓመት ጉዱን ሁሉ ያገኛል። የተቃጠለ አምፖል፣ ክዳኑ የጠፋ እስክሪብቶ፣ የምን እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ፣ የተጣመመ ሚስማር። "ነገ ይጠቅማል" ይላል፣ ወርወር ያደርገዋል፣ ይረሳዋል። እንዲህ ብሎ ከረሳቸው ነገሮች አንዷ የመስታወት ቴርሞሜትር ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ተኝታ ትንፍሽ አላለችም። ምን ታድርግ፣ የጠየቃት የለ።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ሥራውን ልንገራችሁ። እንቁላል ያለ ዶሮ ጫጩት የሚሆነው ሙቀቱን በሚጠብቅ ማሽን ውስጥ ነው። የባለ ጫጩቱ ማሽን ቁም ሳጥን ታህላለች፤ ውስጧ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ትሪ፣ ትሪው ላይ እንቁላል። ሃያ አንድ ቀን በሠላሳ ሰባት ተኩል ዲግሪ ትይዛቸዋለች፤ ሙቀቱን ባለ ጫጩቱ ቴርሞሜትር እያየ ያስተካክላል። ከእነዚህ ቀናት ዐሥራ ስምንቱን እንቁላሎቹ መገላበጥ አለባቸው፤ አለዚያ ውስጥ ያለችው ነፍስ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቃ ትቀራለች። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ግን ማንም አይነካቸውም። ጫጩቷ መውጫዋን ትፈልግባቸዋለች።

ይህን መገላበጥ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሠራችው የባለ ጫጩቱ ታላቅ እህት ናት፤ እታለም ይላታል፣ እኛም እንደሱ እንበላት። በእያንዳንዱ እንቁላል አንድ ጎን በእርሳስ ኤክስ፣ በሌላው ጎን ዜሮ ትጽፋለች። በቀን አምስት ጊዜ ትመጣና ኤክሱን ወደ ታች፣ ዜሮውን ወደ ላይ፤ በሚቀጥለው ደግሞ በተቃራኒው። ለምን አምስት? ያላት ሰው እንደሆነ "አራት ከሆነማ ሌሊት ሌሊቱን በአንድ ጎናቸው ብቻ ሊተኙ ነው፣ አንተ እንደዚያ ብትተኛ ጎንህ አይደነዝዝም?" ትላለች። ከመቶ እንቁላል ሰማንያ ጫጩት ታወጣ ነበር። ሰው "እጇ ነው" ይላል፣ እሷም በሆዷ ደስ ይላታል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ወቅት ላይ፣ ነገሩ ተበላሸ። ከመቶው ስልሳ፣ ቀጥሎ አርባ። የሚወጡትም በሃያ አንደኛው ቀን መሆኑ ቀርቶ በሃያ ሦስተኛው፣ እግራቸው የማይቆም፣ ዐይናቸው የሚያንቀላፋ። ያን ሰሞን ደግሞ የእታለም እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ብርጭቆ ስታስቀምጥ ጠረጴዛው ላይ ይንኳኳባታል።

"ወንድሜ፣ እነዚህ እንቁላሎች ቀዘቀዙኝ እኮ" አለችው አንድ ቀን፣ እጇን ከማሽኑ ሳታወጣ።

"ቴርሞሜትሯ ሠላሳ ሰባት ተኩል ትላለች። አይታይሽም?"

"ይታየኛል። ቀዘቀዙኝ ነው ያልኩህ።"

"የቀዘቀዘውማ ያንቺ እጅ ነው፣ እታለም። ዕድሜ ነው።"

ወሩ ሳይወጣ፣ ጫጩት ሊገዙ የመጡ ሰዎች ካርቶናቸውን ይዘው ቆመው ሳለ፣ ትሪው ተስቦ ሲወጣ ከግማሹ በላይ ያልተሰበረ እንቁላል ሆነ። ባለ ጫጩቱ ደሙ ፈላ። በሰው ፊት፣ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

"እጅሽ እኮ ጫጩቶቼን እየገደለብኝ ነው!"

እታለም ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን ታጠበች፣ ሽርጧን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች፣ ወጣች። ሽርጡ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው ሚስማር ላይ ቀረ።

በሳምንቱ ቴክኒሻን መጣና እንቁላሉን በራሱ የሚገለብጥ ሞተር ገጠመ። በሚቀጥለው ዙር ከመቶው ሰማንያ አንድ ጫጩት ወጣ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? እጁ ወጣ፣ ሞተሩ ገባ፣ ጫጩቱ ዳነ። ጎረቤቱም ደንበኛውም "አየህ፣ እጅ ነበር" አለ። ከሁሉ የሚብሰው፣ እታለም ራሷ አመነች።

ካመነች በኋላ የሆነውን ስሙ። ወር ሳይሞላ ሴት ልጇ ወለደች፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ናት። ዘጠኝ ወር ሙሉ "እኔ ነኝ ገላዋን የማጥባት፣ ማንም እንዳይነካብኝ" ስትል የኖረች ሴት፣ ሕፃኗ ስትመጣ ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች። "ውሰጂያት ልጄ፣ የኔ እጅ አይታመንም" አለች። አላጠበቻትም፣ አላቀፈቻትም፣ ራቅ ብላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያት ጀመር። ሕፃኗም አደገች፣ አያቷን ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ሴትዮ ቆጠረቻት።

ባለ ጫጩቱ ይህን ያውቅ ነበር። አውቆም በሳምንት አንድ ቀን ፍራፍሬ ይዞላት ይሄዳል፣ ስለ አየሩ ያወራሉ፣ ይመለሳል።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የገዛ ልጁ ናት። መምህርት ናት፤ ሳይንስ ታስተምራለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የተማሪዎቿን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ከምራ እያረመች፣

"አባዬ፣ ስለ ተለዋዋጭ ሳስተምር ምሳሌ እያለቀብኝ ነው" አለችው።

"ተለዋዋጭ ደግሞ ምንድን ነው?"

"በሙከራ ውስጥ ሊለወጥ የሚችል ነገር ሁሉ። ሙቀቱ፣ ውሃው፣ ሰዓቱ፣ ሠሪው። አንድ ነገር ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ከፈለግክ እሱን ብቻ ትቀይራለህ፣ የቀረውን እንዳለ ትተዋለህ።"

"ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፍሏችሁ? ይኼንንማ እኔም አድርጌዋለሁ። የአክስትሽን እጅ አወጣሁ፣ ሞተር አስገባሁ፣ ጫጩቱ ዳነ። ንገሪያቸው ለልጆቹ።"

መምህርቷ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

"ያን ቀን ሌላ ምን ቀየርክ?"

"ምንም።"

"እንቁላሉ ከዚያው ሰው ነው የመጣው?"

"ከዚያው።"

"ማሽኑ ከቦታው አልተነሳም?"

"አልተነሳም አልኩሽ። ምነው፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ? ቴክኒሻኑ ሞተሩን ገጠመ፣ ከሞተሩ ጋር የመጣችዋን በቁጥር የምታሳይ ቴርሞሜትር ለጠፈ፣ ሄደ። አለቀ።"

"ቴርሞሜትር?"

"ከሞተሩ ጋር አብራ መጣች። የፊቷን የመስታወቷን አወጣት።"

"የመስታወቷ ስንት ዘመኗ ነበር?"

የመስታወቷ ቴርሞሜትር ዘመን አልነበራትም። የድሮዋን ባለ ጫጩቱ ራሱ ከእጁ ጥሎ ሰብሯት፣ ከገበያ ርካሽ አንዲት ገዝቶ የተካው ነገሩ ከመበላሸቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ስንት ቀን? አንድ ሳምንት? ብድግ አለና ወደ መሳቢያዋ ሄደ።

ልጅቱ መስታወቷን አቧራዋን ጠርጋ ማሽኑ ውስጥ ከባለ ቁጥሯ ጎን ሰቀለቻት፤ የትምህርት ቤቱንም ሦስተኛ አድርጋ አመጣች። ሁለቱ ሠላሳ ሰባት ተኩል ሲሉ የመሳቢያዋ ሠላሳ ዘጠኝ አለች። አንድ ዲግሪ ተኩል ትዋሻለች። እሷ ሠላሳ ሰባት ተኩል ስትል እንቁላሎቹ ሠላሳ ስድስት ላይ ተቀምጠው ይንቀጠቀጡ ኖሯል።

"ቀዘቀዙኝ ብላኝ ነበር" አለ ባለ ጫጩቱ። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። "ልጄ፣ ነግራኝ ነበር እኮ። አሁኑኑ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ።"

"ቆይ አባዬ። ምን ብለህ?"

"ቴርሞሜትሯ ነበረች፣ አንቺ አይደለሽም ብዬ ነዋ!"

"እሱን አታውቀውም። ቴርሞሜትሯ ጥፋተኛ መሆኗን አውቀሃል፤ እጇ ንጹሕ መሆኑን ግን አላወቅክም። ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ ሁለት ነገር በአንድ ቀን ቀይረህ አንዱን ከሰስክ፤ ዛሬ ደግሞ ሳትፈትን ነፃ ልታወጣት ነው። አክስቴ ሞኝ አይደለችም። 'አዝኖልኝ ነው' ነው የምትለው።"

ሊቆጣት ብድግ አለ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

ታዲያ የሚያስቸኩለው ነገር ነበር። የእታለም አማች ሩቅ ከተማ ተዛውሯል፤ እታለምም ከልጇ ቤተሰብ ጋር ልትሄድ ልክ ሠላሳ ቀን ቀርቷት ነበር። ባለ ጫጩቱ ከመሄዷ በፊት በሰው ፊት የተናገረውን በሰው ፊት ሊመልስላት፣ ቢሆንለትም እንድትቀር ሊለምናት ፈለገ። ሙከራው ሃያ አንድ ቀን ይፈጃል። ዘጠኝ ቀን ይተርፋል። ይበቃል።

እታለም ስትጠየቅ መጀመሪያ እምቢ አለች። "ተዉኝ፣ ሌላ ልትገድሉብኝ ነው?" አለች። መምህርቷ አጠገቧ ተቀምጣ አስረዳቻት፤ ሁለት ትሪ፣ በእያንዳንዱ ስልሳ እንቁላል፣ ከአንድ ሰው፣ የአንድ ቀን፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ በአንድ ሙቀት። አንዱን ሞተሩ ይገለብጠዋል፣ አንዱን አንቺ። የሚለየው እሱ ብቻ ነው።

"እጄ ቢሆንስ ጥፋተኛው?"

"ከሆነም እናውቃለን።"

እታለም ትንሽ አሰበችና "እሱስ ከአለማወቅ ይሻላል" አለች።

በማግስቱ መጥታ ሽርጧን ከሚስማሩ አወረደች። በእርሳስ መጻፍ ስትጀምር ወንድሟ ፊቱን አዞረ። ኤክሷ እንደ ድሮዋ አይደለችም፤ ሁለቱም መስመሮቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ እንደ ብርድ የመታው ሰው። እሷ ግን ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ወጣ አድርጋ ስልሳውንም ጨረሰች።

"ኩርፌ፣ ፊትህን አታዙርብኝ" አለችው፤ በልጅነቱ ያወጣችለት ስም ነው። "እንቁላል ነው እንጂ የጋብቻ ወረቀት አልፈርምም።"

ሳቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ አብረው የሳቁት ያን ጊዜ ነው።

ስምንተኛው ቀን ማታ፣ እታለም ሥራዋን ጨርሳ ከሄደች በኋላ፣ ባለ ጫጩቱ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በመብራት ፊት አያቸው። ፍሬ የያዘ እንቁላል በመብራት ሲታይ ውስጡ የደም ሥር እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል፤ ያልያዘው ጥርት ብሎ ባዶ ይታያል። በሞተሩ ትሪ አምስት ባዶ ተገኘ። በእታለም ትሪ አሥር።

አሥር! ገና በስምንት ቀን! ዐይኑ ፊት ሽርጧ፣ ሳቋ፣ የካርቶን ሰዎቹ ሁሉ መጡበት። ያደረገውን ሲያደርግ ክፋት አስቦ አልነበረም፤ ይህን እኔ እመሰክርለታለሁ። ከእታለም ትሪ አምስት ባዶ አወጣ፣ ከሞተሩ ትሪ ደም ሥር የያዙ አምስት አምጥቶ ተካባት፤ ባዶዎቹን ወደ ሞተሩ ወሰደ። የተካቸው ላይም እርሳስ አንስቶ ኤክስና ዜሮ ጻፈባቸው። ከዚያ ቀለል ብሎት ሄዶ ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት ልጁም እሱም እዚያው ነበሩ። እታለም ትሪዋን ሳበች፣ መገልበጥ ጀመረች፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጇ ቆመ።

"ይኼን እኔ አልጻፍኩትም" አለች።

"የትኛውን?" አለች መምህርቷ።

"ይኼን። ይኼንንም። አምስት ናቸው።" አንዱን አንስታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። "የኔ ኤክስ ትንቀጠቀጣለች። ይቺ ቀጥ ብላ ቆማለች። እንዲህ ቀጥ አድርጎ የሚጽፈው እዚህ ቤት አንድ ሰው ነው።"

ባለ ጫጩቱ መሬት መሬት አየ። ልጁ "አባዬ?" አለች። ነገራት። አሥር ባዶ ማየቱን፣ መፍራቱን፣ መቀየሩን።

"አባዬ፣ ባዶ እንቁላልን እኮ እጅ አያመጣውም! አውራ ዶሮው ያልደረሰበት ነው ባዶ የሚሆነው። አንተ እኮ ከኔ የበለጠ ታውቀዋለህ።"

ያውቀው ነበር። ሠላሳ ዓመት የሚያውቀውን ነገር ነው ያን ሰዓት የረሳው።

"ልረዳት ብዬ ነው" አለ።

እታለም እንቁላሏን በቀስታ ወደ ትሪው መለሰች። "አልረዳኸኝም ኩርፌ። እንደምወድቅ እርግጠኛ ሆነህ ነው። አሁንም አላመንከኝም ማለት ነው" አለችው። አልጮኸችም። ጮኻ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ሙከራው ፈረሰ። የተነካካ ትሪ ለማንም አይመሰክርም። እንደገና የአንድ ቀን እንቁላል እስኪገኝ ሦስት ቀን ጠበቁ። መምህርቷ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች፤ አዲሱ ትሪ ዐሥራ ስምንተኛ ቀኑን የሚጨርሰው እታለም በምትሄድበት ዋዜማ ነው። ጫጩቶቹ ሲወጡ እሷ የለችም። የተረፉት ዘጠኝ ቀናት በአምስት እንቁላል አለቁ።

በዚህኛው ዙር ባለ ጫጩቱ የማሽኑን በር ቁልፍ ለልጁ ሰጣት፣ ራሱም በመስኮት በኩል ብቻ ያይ ነበር። እታለም በቀን አምስት ጊዜ መጣች። ስለ ሌላ ነገር ሁሉ ያወሩ ነበር፤ ስለዚያች ጠዋት አላወሩም። አንድ ቀን ብቻ፣ እጇን ማሽኑ ውስጥ እንዳደረገች፣

"አሁን ይሞቃሉ" አለች። "ያኔ ግን ቀዝቅዘው ነበር።"

"ነግረሽኝ ነበር።"

"አንድ ጊዜ ነው የነገርኩህ። ሁለት ጊዜ መንገር ነበረብኝ።"

የሱን ጥፋት ወደ ራሷ ስትቆርስ እሱ ከመስኮቱ ዞር አለ።

በዐሥራ ስምንተኛው ቀን ማታ ለመጨረሻ ጊዜ ገለበጠቻቸው። "ከዚህ በኋላ እጅ አይፈልጉም" ብላ በሩን ገፋችው። ሽርጧን አጥፋ ይዛው ሄደች። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሲሸኛት ቅሪልኝ ሳይላት ቀረ። ገና ያልታወቀ ነገር ነውና ምን ብሎ ይለምናታል? ሕፃኗ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማ ነበር። እታለም ሁለት እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ እንደከተተች ወጣች።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ማሽኑ ጫጫታ ብቻ ሆነ። መምህርቷ ሁለቱን ትሪዎች አወጣች፣ ሁለት ጊዜ ቆጠረች፣ በደብተሯ ጻፈች። የሞተሩ አርባ ሰባት። የእታለም አርባ ስምንት። የቆሙ፣ ዐይናቸው የበራ፣ በቀናቸው የወጡ።

ባለ ጫጩቱ ስልኩን አንስቶ ደወለ።

"እታለም፣ ቆይ፣ ስሚ" አለና ስልኩን ወደ ትሪዋ አስጠጋው። ረዘም ላለ ጊዜ እዚያው ያዘው።

"ስንት?" አለች እታለም።

"አርባ ስምንት። የሞተሩ አርባ ሰባት። በለጥሽው!"

"አንድ ጫጩት ልዩነት አይባልም። መምህርቷ ነግራኛለች።"

"አይባልም። እኩል ናችሁ ማለት ነው። እጅሽ ምንም አላደረገም፣ እታለም። ያኔም ምንም አላደረገም። ለካርቶን ሰዎቹም እነግራቸዋለሁ፣ አንድ በአንድ ፈልጌ እነግራቸዋለሁ።"

ከወዲያ በኩል የሕፃን ድምፅ ተሰማ፤ እናቷን "ማነው?" ብላ ትጠይቃለች። አያቷን አልነበረም የጠየቀችው።

"እንግዲያ ያኔ ልጅቷን ገላዋን ላጥባት እችል ነበር" አለች እታለም።

ባለ ጫጩቱ ቴርሞሜትሯን ሊያነሳ አሰበ፣ ይቅርታ ሊል አሰበ፣ "ገና ትንሽ ናት፣ ትለምድሻለች" ሊል አሰበ። እሷ ግን ቀደመችው። "ውሃ አጠጧቸው፣ ለብ ያለ ይሁን" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

መምህርቷ የመስታወቷን ቴርሞሜትር ለተማሪዎቿ ልታሳይ ይዛት ሄደች። እሱ ትሪውን ሊያጸዳ ቀረ። ከተሰበሩት ቅርፊቶች መካከል አንዱ ግማሽ ሳይደቅ ተርፎ ነበር፤ ኤክሷ ላዩ ላይ አለች፣ ሁለት መስመር፣ ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ። አነሳት። መሳቢያዋን ከፈተና ከተጣመሙት ሚስማሮች ራቅ አድርጎ፣ በጥጥ ላይ አስቀመጣት። ነገ ይጠቅማል አላለም።